400 አዲስ ቤቶች እና አንድ መስቀለኛ መንገድ

ሰላም ተመልካቾቻችን። «በአካባቢው 400 የመኖሪያ ቤቶች ሊገነቡ ነው» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት ሁሉም ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ መንገዱ ይችለዋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «መንገዱ» ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው የአስፋልቱን ስፋት ነው።

እስቲ አንድ ትልቅ አዳራሽ በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ስብሰባው አልቆ አምስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይነሣል። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ መተላለፊያውም ሰፊ ነው፤ በሩ ግን አንድ ነው። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ እያሉ ቢወጡ ኖሮ የበሩን ጥበት ልብ ባላሉት ነበር፤ አብረው ስለተነሡ ግን ይተፋፈጋሉ። መተላለፊያውን በእጥፍ ብታሰፉት ምን ይለወጣል? ወደ በሩ ቶሎ ትደርሳላችሁ፤ በሩ ላይም ቶሎ ትቆማላችሁ። በሩ መሀል ቆሞ ወሬ የሚጠርቀውን ሰው ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በጎዳና ላይ ያው ሰው መኪናውን ደርቦ አቁሞ «አንድ ደቂቃ» የሚለው ነው። እንግዲህ በሩ መስቀለኛው መንገድ ነው፤ የስብሰባው ማብቂያም የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው።

ስሌቱን በአጭሩ ልለፈው። አንድ የመኪና መስመር ሰዓቱን ሙሉ አረንጓዴ ቢበራለት፣ በተመቸ ሁኔታ 1,900 ያህል መኪና ያሳልፋል፤ አረንጓዴው የሚበራው ከሰዓቱ 40 በመቶውን ብቻ ከሆነ አቅሙ ወደ 760 ይወርዳል። አሁን 400 መኪና በሚያልፍበት መስመር ላይ 100 ቢጨመር የሚያስተውለው የለም፤ 700 በሚያልፍበት ላይ ግን ያው 100 መኪና ከአቅም በላይ ያደርሰዋል። በቀላሉ የወረፋ ቀመር ከመስመሩ አቅም የተያዘው ድርሻ ከ90 ወደ 95 በመቶ ሲያድግ አማካይ ቆይታው በእጥፍ ይጨምራል።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ ቁልፉ ያለ ወረፋ ይሠራል።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁትን ሐሳብ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ «እያንዳንዱ ቤት ሁለት መኪና ስላለው 400 ቤት ማለት 800 መኪና ጎዳና ላይ ማለት ነው» ብላችኋል። አይደለም። የቆመ መኪና መስቀለኛ መንገድ አይዘጋም። የሚቆጠረው ጉዞ ነው፤ እሱም በሰዓት ተለይቶ። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም መመሪያ ለብቻው ለቆመ የአንድ ቤተሰብ ቤት መግቢያና መውጫውን ደምሮ በቀን ከ9 በላይ ጉዞ፣ በምሽቱ የጥድፊያ ሰዓት ደግሞ አንድ ገደማ ይሰጣል፤ ለአፓርታማ ቁጥሩ ያንሳል። ስለዚህ 400 ቤት በዚያች ሰዓት ቢበዛ 400 ያህል ጉዞ ያመነጫል፤ አብዛኛው ወደ ቤት የሚገባ፣ የቀረው የሚወጣ ሲሆን እሱም በተለያየ አቅጣጫ ይበታተናል። በእርግጥ የአሜሪካ ቁጥር ለሁሉም አገር አይሠራም፤ ብዙ ሰው በእግሩና በአውቶቡስ በሚሄድበት ከተማ በስፍራው መቁጠር ግድ ነው። «800» የሚለው ፍርሃት ግን ከየትኛውም ቆጠራ የመጣ አይደለም።

«ታዲያ መንገዱን ማስፋት ነዋ!» ለምትሉ፦ ዱራንተንና ተርነር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሞች አውራ ጎዳና በጨመረ ቁጥር የሚነዳው ርቀትም በዚያው ልክ ገደማ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ የሰፋው መንገድ መልሶ ይሞላል ማለት ነው።

ግንባታው ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ወደሚለው ውሳኔ ስንደርስ፣ ካሊፎርኒያ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ውስጥ የመኪና መዘግየትን ትታ ነዋሪው በመኪና የሚጓዘውን ርቀት ትመዝናለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ መዘግየትን ብቻ የሚመዝን ደንብ ቤቶቹን መንገዱ ባዶ ወደሆነበት ዳርቻ ስለሚገፋቸው ነዋሪው በየቀኑ ረጅም መንገድ እንዲነዳ ያስገድደዋል። የእንግሊዝ የፕላን ፖሊሲ በበኩሉ በመንገድ ምክንያት ግንባታን ለመከልከል በደኅንነት ላይ የሚደርስ ተቀባይነት የሌለው ጉዳት ወይም ጫናውን ለማቃለል ከሚወሰደው እርምጃ በኋላ የሚቀር ከባድ ድምር ጫና ይጠይቃል።

«ድምር» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የአልሚውን የትራፊክ ጥናት ስታገኙ መጀመሪያ ቆጠራው የተካሄደበትን ቀን ፈልጉ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት የተቆጠረ ከሆነ እንደገና እንዲቆጠር ጠይቁ። ቀጥሎም ፈቃድ አግኝተው ገና ያልተገነቡት ሌሎች ፕሮጀክቶች መደመራቸውን አረጋግጡ፤ አምስት አልሚዎች እያንዳንዳቸው «የእኔ ጭማሪ ጥቂት ነው» ቢሉ አምስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላልና፤ በሩ ላይ የሚደርሱት ግን አብረው ነው።