ተው፣ አትጻፍባት

እሺ... ቀይዋ መብራት በርታለች፤ እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው የማወራችሁ። በመስኮቱ በኩል ባጃጅ ከሰማችሁ ታገሱኝ። መስኮቱን ብዘጋው ክፍሏ ትታፈናለች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሃ ፖሎ ነው። አዎ፣ ውሃ ፖሎ። ገንዳ ውስጥ እየዋኙ በእጅ የሚጫወቱት ኳስ። ለአንድ ጓደኛዬ "አሁን የውሃ ፖሎ ስኮር ያዥ ሆኛለሁ" ብለው፣ "ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ቁጭ ብለህ?" ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ጀሪካኖቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው፣ እኔ የካሊፎርኒያ ገንዳ ላይ አፍጥጬ አመሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ሳንሆዜ ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት። የ15 ዓመት ልጅ አለቻት፤ ልጅቱ ውሃ ፖሎ ትጫወታለች። እዚያ ወላጆች ተራ ይገባሉ። አንዱ ብርቱካን ይቆርጣል፣ አንዱ ልጆቹን በመኪና ያመላልሳል፣ አንዱ ደግሞ በስልኩ ስኮር ይይዛል። ስኮር ያዡ አፑ ላይ የነካው ሁሉ ወዲያው ለሚከታተሉት ይደርሳል፦ ማን አገባች፣ ማን አቀበለች፣ ማን ወጣች። ገንዳው ዳር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጻፈው ዋናው መዝገብ ሌላ ነው። ይሄኛው የቡድኑ ነው፤ አሰልጣኙ በኋላ ቁጭ ብሎ ያየዋል። የእህቴ ተራ ሲደርስ፣ በዚያችው ቅዳሜ ሥራ ገባች፤ 12 ሰዓት ሙሉ። ጨዋታው በኢንተርኔት በቀጥታ ስለሚተላለፍ እኔ ጋ ደወለች።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ የእድር ጸሐፊ አይደለህ እንዴ? ይሄ ምን ያቅትሃል? አንተ ጻፍልኝ፣ እኔም በሥራ መሃል ሰረቅ እያደረግሁ አያለሁ።"

የእድር ጸሐፊ ነኝ፤ 9 ዓመቴ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ የቀረውን "ቀሪ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ቅጣቱን አስከፍላለሁ። የገዛ አክስቴን ቀሪ ብዬ ጽፌ፣ 50 ብር አስከፍያት፣ ሦስት ወር አኩርፋኛለች። "እትዬ፣ መዝገብ ዘመድ አያውቅም" ነበር ያልኋት። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

"ቅዳሜ አስር ሰዓት ነው" አለችኝ እህቴ። እኔም ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ቡናዬን ይዤ ተሰየምሁ። ምንም የለም። ለካ እሷ የምትለኝ የእነሱን ጠዋት 10 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት። እዚያማ ገና ጎህ እየቀደደ ነው፤ ልጅቱም ተኝታለች። 18 ዓመት ስትቀመጥ ሰዓቷም አብሮ ተሰደደ።

ግን 4 ሰዓት ትርፍ አገኘሁ፤ ደንቡን አጠናሁበት። ከእያንዳንዱ ቡድን 7 ሰው ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው፣ በረኛዋን ጨምሮ። አንዱ ቡድን ነጭ ኮፍያ ያደርጋል፣ ሌላው ሰማያዊ፤ በረኞቹ ቀይ። ኳሷን በሁለት እጅ መንካት የሚፈቀደው ለበረኛ ብቻ ነው። ሌሎቹ በአንድ እጅ ነው የሚይዙት፣ የሚያቀብሉት፣ የሚመቱት። ጨዋታው አራት ክፍል አለው። ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ፊሽካ ሲነፋ ይቆማል። ስለዚህ 8 ደቂቃ የሚባለው 8 ደቂቃ ሆኖ አያውቅም።

ሳነብ ሳነብ ታሪኩም ሳበኝ። ወንዶቹ ኦሎምፒክ ላይ መጫወት የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ በ1900 ፓሪስ ላይ ነው። ሴቶቹ የገቡት በ2000፣ ሲድኒ ላይ። ልክ መቶ ዓመት! የአሜሪካ ሴቶች ግን አንዴ ከገቡ በኋላ ለንደን፣ ሪዮ፣ ቶኪዮ፣ ሦስቱንም ወርቅ በተከታታይ ወሰዱ። በ1956 ደግሞ ሜልቦርን ላይ ሃንጋሪና ሶቭየት ኅብረት የተገናኙበት ጨዋታ አለ። የሶቭየት ታንክ ቡዳፔስት ከገባ ገና ሳምንታት ነው ያለፉት። ኤርቪን ዛዶር የሚባለው የሃንጋሪ ተጫዋች ፊቱን ተመትቶ ደሙ እየፈሰሰ ነው ከገንዳው የወጣው፤ ተመልካቹ ገንፍሎ ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ። መዝገቡን ብታዩት "ሃንጋሪ 4፣ ሶቭየት 0" ነው የሚለው።

ብቻ ማታ 2 ሰዓት ሆነ። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የታለች ልጄ?"

"ገንዳው ውስጥ ናት እማዬ። እንደ ፋሲል መዋኛ በይው።"

"ጸበል ውስጥ ነው የሚጋፉት?!"

አይ፣ ጸበል አይደለም አልኋት። ለእማዬ ግን ገንዳ ሲባል የሚመጣባት ጥር 11 ነው። ካህናቱ ውሃውን ባርከው ሲጨርሱ ጎረምሶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ የሚገቡበት። እዚህ ጳጳስ የለ፣ ታቦት የለ፣ ባዶ ገንዳ ውስጥ የሰው ልጅ እየተናነቀ። ዳኛውን አየችና ደግሞ ሌላ ጥያቄ። ዳኛው ገንዳው ዳር እየተመላለሰ የጥፋተኛዋን ቁጥር በጣቱ ያሳያል። 7 ከሆነች በአንድ እጁ አምስት፣ በሌላው ሁለት ጣት። 10 ሲሆን አንድ ጭብጥ። 12 ሲሆን ጭብጥና ሁለት ጣት። "የበሬ ደላላ ነው እንዴ ይሄ?" አለች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ዳኛው ስሙ ደላላው ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ... አላሳፍራችሁ፤ ጉድ ነበር። አፑ ላይ አንድ ነገር ለመጻፍ ሦስቴ መንካት አለብህ፦ የኮፍያውን ቁጥር፣ ቀጥሎ ምን እንደሠራች፣ ቀጥሎ ሰዓቱን። ሦስተኛውን ነክተህ ቀና ስትል ኳሷ ሌላኛው ጎል ጋ ናት። እንደገና ታቀረቅራለህ፣ እንደገና አመለጠህ። በዚያ ላይ ፊሽካው! ውሃ ፖሎ ላይ ፊሽካ አያቋርጥም። እኔ ደግሞ ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር "ወጣች" የሚለውን እነካለሁ። ለካ አብዛኛው ተራ ጥፋት ነው። ኳሷ ለተበደለችው ትሰጣለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ማንም አይጽፈውም። የሚጻፈው ከባዱ ነው፦ ኳስ ያልያዘችን ልጅ ይዛ ያሰመጠች፣ የጎተተች። እሷ 20 ሰከንድ ትወጣለች፣ ቡድኗ በ6 ሰው ይጫወታል። ሦስት ጊዜ ከወጣች በዚያ ጨዋታ አትመለስም። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች 11 ሰው አስወጥቼ ነበር። እህቴ ከሆስፒታል ጻፈችልኝ፦ "ምን ሆነው ነው? ተደባደቡ እንዴ?"

በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨዋታ ግን እጄ ገራ። ዋናው ዘዴ ምን መሰላችሁ፣ አፍ ነው። ያየሁትን መጀመሪያ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ "ሰማያዊ 4 ጎል፣ ነጭ 9 አቋረጠች፣ ነጭ 2 ወጣች።" ዓይኔ ከላፕቶፑ አይነቀልም። ኳሷ ስትቆም ብቻ ወደ ስልኩ አቀርቅሬ የተናገርሁትን እከታለሁ። ጎልና መውጣት በቦታው ይጻፋል፤ አቀበለች፣ አዳነች፣ ቀማች የሚባለው እረፍት ላይ ይደርሳል። የረሳሁትን እማዬ ታስታውሰኛለች፤ ቃሌን ስትደግም ታመሻለች፣ ልክ እንደ ዳዊት። "ነጭ 9 ብለሃል፣ አልጻፍሃትም" ትለኛለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴትዮ ናት፤ ግን አንድ አይጠፋባትም።

ምስሉ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሲመለስ 3 ለ2 የነበረው 4 ለ2 ሆኗል። ማን አገባች? ባለቤት የሌላት ጎል። መጀመሪያ ሰሞን "ይቺ ትሆናለች" እያልሁ እገምት ነበር። አሁን ባዶውን እተወውና በኋላ ልጅቱን እጠይቃለሁ። ምስሉ ደህና ሲሆንም የኮፍያው ቁጥር የሚደበዝዝበት ጊዜ አለ፤ የሚታየው ጭንቅላትና ፍንጣቂ ውሃ ብቻ ነው። እማዬ ግን ጣቷን እስክሪኑ ላይ ትሰካና "ያቻትና! አንገቷን አታይም? የአባቷ አንገት" ትላለች። እውነትም ኮፍያዋ ሲዞር 7 ቁጥር ናት። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

አሁን ወደያዛችሁልኝ ነገር ልመለስ።

የእህቴ ልጅ ተከላካይ ናት። ከጎሉ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሦስት ሜትር ርቃ፣ ጀርባዋን ለጎሉ ሰጥታ የምትንሳፈፍ አጥቂ አለች፤ ሴንተር ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ ግዙፏ ልጅ ናት። የእኛዋ ሥራ እሷን መያዝ ነው። እዚያ ቦታ ትግሉ ከውሃው ሥር ነው፤ ከላይ የምታዩት ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ ነው። እግር መሬት አይነካም፤ ሁለት እግራቸውን ተራ በተራ በክብ እያዞሩ፣ በባዶ ውሃ ላይ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀና ብለው ይታገላሉ።

አራተኛው ጨዋታ ላይ ፊሽካው ተነፋ። ደላላው አምስት ጣትና ሁለት ጣት አሳየ። ሰማያዊ 7። እኔም እንደ ልማዴ "ሰማያዊ 7 ወጣች" ብዬ ጻፍሁ። በሁለተኛው ክፍል እንደገና አምስትና ሁለት ጣት። ጣቴን ወደ ስልኩ ሳስጠጋ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው፣ አትጻፍባት።"

"እማዬ..."

"እናቷ ሥራ ላይ ሆና ታያለች። ልጄ ምን አጠፋች? ያቺ ዝሆን ናት የተጋደመችባት። ተው፣ አትጻፍባት።"

አልጻፍሁም። እንዲህ ቀላል ነበር። ጣቴን አነሳሁ፣ ጨዋታው ቀጠለ። በሦስተኛው ክፍል ሦስተኛውን አገኘች። እሱንም አልጻፍሁም፤ ያኔ እማዬም አልያዘችኝም፣ በራሴ ነው። ልጅቱ ኮፍያዋን ፈትታ፣ ፎጣ ለብሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻ አልገባችም። የሌሎቹን ግን ሁሉንም ጽፌአለሁ። ነጭ 9፣ ነጭ 2፣ ሰማያዊ 11። አንድም አልዘለልሁ። እህቴ ማታ "ጎበዝ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣችው!" ብላ ጻፈችልኝ። እኔም "አዎ" አልሁ።

በማግስቱ እሑድ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ ከልጅቱ። አማርኛዋ ትንሽ ይሰበራል፤ እንዳለችው ልበላችሁ፦

"አጎቴ፣ ሦስት ነበረኝ። አንተ አንድ ጻፍክ። የሁሉንም ልጆች ጻፍክ፣ የእኔን አይደለም። ሳቁብኝ። ሴንተሯን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያ የእኔ ሥራ ነው። አሰልጣኙ ያንን ነው ማየት የሚፈልገው። እባክህን መልሰው።"

"እባክህን መልሰው" አለችኝ። የሰረቅሁባት ዕቃ ይመስል።

ድምፁን ሁለቴ ሰማሁት። ሦስተኛውን ለእማዬ አሰማኋት። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና "በእሷ ቤት አኩርፋለች ማለት ነው?" አለች። የጨዋታውን ቅጂ ከፈትሁ፤ ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ሌሊት ስለሆነ እስከ 7 ሰዓት ቆየሁ። ሁለቱንም ቦታ ፈልጌ አገኘሁ፤ የቀረውን ደቂቃና ሰከንድ ወረቀት ላይ ጻፍሁ፤ አፑ ላይ አስገባሁ። የሚገርመው፣ ሦስተኛውን ደግሜ ሳየው ሴንተሯ ኳስ ልትቀበል እጇን አንስታ ነበር። ኳሷ ወደ እሷ እየመጣች፣ በረኛዋ ብቻዋን ቀርታ። የእኛዋ ያን ጊዜ ባትይዛት ጎል ነበር። በመጀመሪያ ሳየው ይሄን ሁሉ አላየሁም፤ ያየሁት የደላላውን ጣት ነው።

"ጻፍሁት፣ ይቅርታ" ብዬ ላክሁላት። አውራ ጣት ብቻ መለሰችልኝ። እህቴም መዝገቡን አየችና "ውይ፣ ሦስት ነበር እንዴ?" አለች። አዎ፣ ሦስት ነበር።

ነገሩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። እማዬ ግን ምስጢር አታውቅም። በሳምንቱ ቡና ላይ ታሪኩን ለአክስቴ ዘረገፈችው። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና ዞር ብላ አየችኝ።

"መዝገብ ዘመድ አያውቅም ነበር ያልኸኝ?"

"እትዬ..."

"50 ብሬን መልስልኛ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳቄም አልመጣ። 50 ብሩን ከኪሴ አውጥቼ ብሰጣትም አልቀበልም አለች፤ "የእድሩ ነው" አለች። ቅዳሜ ማታ ግን ሳትጠራ መጣች። አሁን ላፕቶፑ ፊት ሦስት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ እማዬ በቀኜ፣ አክስቴ በግራዬ። በሁለተኛው ክፍል ላይ ደላላው ፊሽካውን ነፋ፣ እጁን ወደ ላይ አወጣ፤ አምስት ጣት፣ ሁለት ጣት። እማዬ ወደ ክንዴ መጣች። አክስቴ ከወዲያ በኩል ቀድማ እጇን ያዘቻትና፣

"ጻፍባት!" አለችኝ።

ሰማያዊ 7፣ ወጣች፣ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሲቀር።