መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን

የተከበራችሁ የሐዋሳ የውበት ሳሎን ባለቤቶች፣ ሹሩባ የምትሠሩ እናቶቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት ወጣት ሹሩባ ልትሠራ እኔ ዘንድ መጣች። ፀጉሯን ከኋላ ስከፍለው፣ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ባዶ ቦታ አገኘሁ። ክብ ነው፤ ቆዳው ልስልስ ያለ፣ ቅርፊት የሌለው። እሷ አላወቀችም። ማን የራሱን ማጅራት ያያል?

ላሽ ነበር። እኛ ላሽን ቆዳው እስኪቃጠል በነጭ ሽንኩርት እናሸዋለን፤ እባካችሁ ይቅር። ላሽ ከቆሻሻም ከሰው ዓይንም አይመጣም፤ አይጋባምም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ነው የሚከሰተው። ሥሩ ግን አይሞትም፤ ትንሽ ላሽ ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይሞላል። የቆዳ ሐኪም የሚቀባ መድኃኒት ያዛል፣ ወይም በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ቦታው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ይወጋል።

ቆዳው ከተቀረፈ፣ ካሳከከና ፀጉሩ ከሥሩ ከተሰባበረ ግን ቆረቆር ሊሆን ይችላል። እሱ ፈንገስ ነው፤ በሚዶአችንም ይጋባል። ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ በእጃችን የምናመጣው ነው። «እንዲቆይልኝ ጠበቅ አድርጊው» ትለናለች፤ እናጠብቃለን። ሌሊቱን ራሷን እያመማት ታድራለች፤ ጠዋት በግንባሯ ዳር ትንንሽ ብጉር ይወጣል። ሕመሙን «ይለመዳል» እያልን ስንቷን ሸኘን! ከግንባርና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር እንዲህ እየተጎተተ ይሳሳል። ቶሎ ከላላ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ያንን ቅባትም መርፌም አይመልሰውም። ስለዚህ ያመማትን ሹሩባ እዚያው ፍቱት፤ ገንዘቧንም መልሱላት።

ባዶ ቦታ ስታዩም ሌላ ደንበኛ በሌለበት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሯት። እኔ ለዚያች ልጅ ከኋላዋ መስታወት ይዤ አሳየኋት። አለቀሰች። ሹሩባውን ትቼ ፀጉሯን ላላ አድርጌ አስያዝኩላት፤ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ለፋሲካ ስትመለስ ቦታው ላይ እንደ ጥጥ የሳሳ ነጭ ፀጉር በቅሎ ነበር። «ሸበትኩ፣ ንቀይልኝ» አለችኝ። አልነቀልኩም። ላሽ ሲድን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ነጭ ያበቅላል፤ ኋላ ይጠቁራል።