በሁለት በር መካከል፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮ ውይይታችን በአንድ መጥፎ አሠራር ላይ ነው። ጥቃት የደረሰባት ሴት ለሱስ ሕክምና ስትመጣ «መጀመሪያ መጠጡን ተዪ፣ ሌላው ይደርሳል» ትባላለች። መጠለያ ስትሄድ ደግሞ «ለሚጠጡ ቦታ የለንም» ይሏታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት ከ3 ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወት ዘመኗ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል፤ ስለዚህ የምናወራው ስለ ጥቂቶች አይደለም።

መጠጡ ወይም የእንቅልፍ ኪኒኑ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ቅዠትን አሸንፎ ለመተኛት ነው፤ ለጥቂት ሰዓትም ይሠራል። ስታቆም የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት፣ ላብና ድንጋጤ ግን ጥቃቱ በአእምሮ ላይ ከተወው ጠባሳ ምልክቶች ጋር ይመሳሰላል። እሷ «ባሰብኝ» ብላ ወደ መጠጡ ትመለሳለች፤ ባለሙያው «አትተባበርም» ብሎ ይመዘግባል። በመዝገቦቻችን ላይ ከዚህ ቃል የከፋ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ጥቃት የሚጠየቀው ብቻዋን ስትሆን ነው። ባል ወይም አስተርጓሚ የሆነ ዘመድ ባለበት ፈጽሞ አይጠየቅም። ሙሉ ታሪኩን በመጀመሪያው ቀን ማስተረክ አያስፈልግም። ዛሬ ቤት መመለስ ያሰጋት እንደሆነ፣ ጥቃት ያደረሰባት ሰው አንቋት ያውቅ እንደሆነ፣ የምትጠቀመውን መጠጥ ወይም ኪኒን ማን እንደሚያመጣላት ማወቅ ይበቃል። የታነቀች ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደል አደጋዋ ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር፣ ምልክት ባይታይባትም ምርመራ ያስፈልጋታል። አቅራቢው አጋሯ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቷን ይደብቃል፣ ቀጠሮዋን ያሰናክላል፣ «ልጆችሽን አስወስድብሻለሁ» ይላል። የቀረችበትን ምክንያት ሳናጣራ ፋይሏን ስንዘጋ ሥራውን እየሠራንለት ነው። የቀጠሮ ማስታወሻም እሱ ሊያየው በሚችል ስልክ አይላክ።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣች ሴት በድንገት እንድታቆም አትገደድ። የሚጥል መንቀጥቀጥ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት፣ ለሞት የሚያሰጋው መቃዠትና ግራ መጋባት በአብዛኛው ከ48 እስከ 96 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ መጠለያ የገባችባቸው የመጀመሪያ 4 ቀናት የጤና ባለሙያ ክትትል ይፈልጋሉ። ለወራት የተወሰደ የእንቅልፍ ኪኒንም ደረጃ በደረጃ እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም።

ተደፍራ የመጣችን ሴት «ስካሩ ሲለቅሽ ነገ ነይ» ማለት ሌላው ጥፋት ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሁለቱም በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

ከሻይ በኋላ የመጠለያና የሱስ ሕክምና ባልደረቦች አብራችሁ ተቀምጣችሁ የመቀበያ ቅጾቻችሁን ጎን ለጎን ታነባላችሁ። ሴቲቱን ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚያባርረውን መስፈርት እዚያው እንድትሰርዙት አደራ እላለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።