እሁድ እንጦጦ ላይ የምትሮጡ፣ ተወዳደሩ

በጫካ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወዳደሩ ሯጮች አራት ኪሎ በተዘጋጀ የአርብ ምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የታክሲውን ሰልፍ ታግሳችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከነገ ወዲያ ጠዋት አብዛኞቻችሁ በሕይወታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልት በሌለበት ውድድር ትሰለፋላችሁ። ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው፦ እሁድ ተወዳደሩ።

ይህን ማለት ያስፈለገኝ በምክንያት ነው። ሰሞኑን ልምምድ ላይ «ለእሁድ እንዴት ነው ዝግጅቱ?» እያልኩ ብዙዎቻችሁን ጠይቄአለሁ። መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ እንኳ ለመሳተፍ ያህል ነው» ትላላችሁ። «ውድድሩ የእነሱ ነው፤ እኔ ለጤናዬ ነው የምሮጠው።» እነሱ የምትሏቸው እነማን እንደሆኑ ይገባኛል። ሌሊት ተነስተው በአውቶቡስ ሰንዳፋና ሱሉልታ የሚወጡት፣ ስማቸውን ከዜና የምንሰማው ናቸው። የደራርቱ፣ የኃይሌ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ሰዎች በመሆናችን ሩጫ ማለት ወይ የዓለም ሻምፒዮን መሆን፣ ወይ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ማጨብጨብ መስሎናል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶውን ቀርቷል። አንድ ልጅ እሮጣለሁ ሲል ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ሰዓት አለህ?» ተብሎ ነው። ሰዓት ከሌለው ጫማውን ይሰቅላል። እንዲህ ሆኖ ገና በጉብዝናው ሩጫ የተወ ሰው በየሰፈራችሁ እንዳለ ታውቃላችሁ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰው ይዞ ከመስቀል አደባባይ ሲነሳ ለዚህች ከተማ ትልቅ በር ከፍቷል። ሯጭ ያልሆነ ሰው ቲሸርት ለብሶ አደባባይ እንዲወጣ ያደረገ እሱ ነው። ጭፈራውንም፣ ግርግሩንም እወደዋለሁ። ግን እዚያ ሕዝብ መሐል ሆኖ ከፊቱ ያለውን ሰው ለመቅደም መሞከር ለአብዛኛው ሯጭ የማይቻል ነው፤ መንገዱ ሞልቷል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ሩጫን በበዓልነቱ እንጂ በፉክክርነቱ አልቀመሳችሁትም።

እሁድ ግን ትቀምሱታላችሁ። ለምን ቢባል፣ ጫካ ውስጥ ሰዓት ዳኛ መሆን አይችልም። አስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር የትም 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእናንተን ሰዓት ከማንም ሰዓት አጠገብ አስቀምጦ ማወዳደር ይቻላል፣ ሲወዳደርም ታንሳላችሁ። የእሁዱ 12 ኪሎ ሜትር ግን ማታ ዝናብ ከጣለ ሌላ መንገድ ነው፣ ካልጣለ ሌላ። ያለፈው ዓመት ሰዓት ለዘንድሮው አይሠራም። የሚቀረው ሰው ከሰው፣ ያው በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ጠዋት ነው። ሃምሳ ስምንተኛ ሆናችሁ ስትወጡ ሃምሳ ሰባተኛዋ ከፊታችሁ አሥር እርምጃ ላይ አለች፤ እሷም በሙሉ አቅሟ እየሮጠች ነው። ሙሉ አቅማችሁን አውጥታችሁ ስትከተሏት ድካሟን ታከብሩላታላችሁ። ብትደርሱባት ደግሞ በእውነት የደረሳችሁበት ሰው ነው፤ ማንም «ለጤና ነው» ብሎ ሊያሳንሰው አይችልም።

የሮምን ታሪክ ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ትሰሙታላችሁ። እኔ ዛሬ የማድሪዱን ላስታውሳችሁ። መጋቢት 1973 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፋለች። ቦታው የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ነው። የእኛ ልጆች ተያይዘው ግንባር ግንባሩን እየመሩ ሳለ የዙር ቆጠራው ተሳሳተባቸው። ገና አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው የመጨረሻ ጉልበታቸውን አውጥተው ተፈተለኩ። ደረስን ሲሉ «ገና ነው፣ ቀጥሉ» ተባሉ። አስቡት፤ ጉልበት ተሟጧል፣ ኋላ የቀረው ሁሉ ጥሏቸው እያለፈ ነው። መሐመድ ከድር ከዚያ ተነስቶ ሁለተኛ ወጣ። ቡድኑም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የቡድኑን ድል ልብ በሉልኝ። በዚያን ዘመን የቡድን ነጥብ የሚሰላው የስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ነበር። ያን ወርቅ ያመጣው መሐመድ ከድር ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ስሙን የማንጠራው፣ ከኋላ ሆኖ አንድ ሰው፣ ከዚያ አንድ ሌላ ሰው እየቀደመ የመጣው ስድስተኛውም ነው። በእሁዱ ውድድር የየቡድኑ የመጀመሪያ አምስት ሰዎች ደረጃ ይደመራል። አምስተኛዋ ወይም አምስተኛው ማን እንደሚሆን ዛሬ አናውቅም። ምናልባት «ለመሳተፍ ያህል ነው» ያለኝ ሰው ይሆናል።

አንድ ሌላም ልጨምር። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. ኤድንብራ ላይ ቀነኒሳ በቀለ ጫማው ከእግሩ ወለቀ። ቆመ፣ አጠለቀ፣ መሪዎቹ ርቀውት ሄደዋል። ተከታትሎ ደረሰባቸው፣ አሸነፈም። እኔን የሚገርመኝ ማሸነፉ አይደለም፤ ቆሞ ጫማውን በደንብ ማጥለቁ ነው። በችኮላ ግማሽ እግር አስገብቶ ቢሮጥ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ክራችሁን ሁለት ጊዜ ቋጥሩት፤ ጭቃው ጫማ ይስባል።

እነዚህ ሁሉ ሯጮች የመጡበት ሜዳ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ብዙም አይርቅም። በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ጃን ሜዳ ውጡ። በጥምቀት ታቦት የሚያድርበት ያ ሜዳ የአገር አቋራጭ ውድድራችን ቤት ነው፤ ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄደው ቡድን ሲመረጥ የኖረው እዚያ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደዚያ ሲዛወር ሯጩ ሜዳውን አጣ። ሕዝቡ ጎመንና ቲማቲም ያስፈልገው ስለነበር የሚወቀስ የለም። ሆኖም በከተማዋ መሐል አፈር የምንረግጥበት ቦታ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያኔ ገባን። ለዚህም ነው እንጦጦን የሙጥኝ ማለት ያለብን።

አሁን ወደ ዳገቱ ልምጣ። ጊዜዬን የምወስደው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትለማመዱት መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ነው። ጥሩ ልምምድ ነው፤ ትንፋሽ ይሠራል፣ ባት ያጠነክራል። ግን ደረጃው ሲረገጥ አይንሸራተትም። እንጦጦ ላይ የምትረግጡት መሬት ይንቀሳቀሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ጤዛ ሲነካው ያዳልጣል፤ ጠንካራዋ የባሕር ዛፍ ፍሬ ደግሞ ከጫማ ሥር ትንከባለላለች። ዓይናችሁን እግራችሁ ጫፍ ላይ አትትከሉ፤ ሦስት አራት ሜትር ወደፊት እዩ። እግር ዓይን ቀድሞ ያየውን ያስታውሳል።

አየሩም ሌላ ነው። መስቀል አደባባይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባ ተወልጃለሁ፣ ከፍታ ለምጃለሁ የሚል ሰው እንኳ ልዩነቱ ይሰማዋል። ስለዚህ የእጅ ሰዓታችሁ የሚያሳያችሁን የኪሎ ሜትር ፍጥነት እርሱት፤ በትንፋሽ ሩጡ። በመጀመሪያው ዳገት ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ዳገቱ በጣም ቀጥ በሚልበት ቦታ ተራመዱ። እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ ሳትቆሙ ተራመዱ። በተራራ ሩጫ የዓለም ምርጦች የሚባሉትም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ይራመዳሉ። እዚያ ላይ በጥሩ እርምጃ የሚወጣ ሰው፣ አጠገቡ በሶምሶማ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ይቀድመዋል። አናቱ ላይ ሲደርስም እግሩ አብሮት አለ።

እግር ደግሞ የሚያስፈልገው ለቁልቁለቱ ነው። ውድድሩ የሚወሰነው መውረጃው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁልቁል ስትሮጡ የጭናችሁ ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ይሸከማል፤ ይህ ከመውጣቱ የበለጠ ይጎዳዋል። ሰኞና ማክሰኞ ደረጃ ስትወርዱ የሚያማችሁ ለዚህ ነው። ፍርሃት ሲይዘን ወደኋላ እንደገፋለን፣ ተረከዛችንን እንተክላለን፤ የሚያንሸራትተውም፣ ጉልበት የሚፈጀውም ይህ ነው። እርምጃችሁን አሳጥሩት፣ ቶሎ ቶሎ አንሱ፣ ትከሻችሁን ልቀቁ፣ እጃችሁን ሚዛን ለመጠበቅ ዘርጉ። መቅደም ስትፈልጉ በየት በኩል እንደምታልፉ ተናገሩ፦ «በግራ!» በሉ። የሚቀደመውም መንገድ ይልቀቅ፤ መቅደም እንደሚቻለው ሁሉ መቀደምም ያለ ነው።

ውሃ፣ በሶ፣ የምትበሉት ነገር፣ ይህን አሰልጣኞቻችን በደንብ ነግረዋችኋል፤ አልደግመውም። አዲስ ነገር ግን እሁድ አትሞክሩ። ዛፍ ላይ የታሰረውን ቀይ ሪባን ለረጅም ጊዜ ካላያችሁ ወደ መጨረሻው ሪባን ተመለሱ። የወደቀ ሰው ካገኛችሁ ቁሙ፤ የዚህ ስፖርት ደንብ ነው፣ ደረጃችሁም በእሱ አይቀንስባችሁም፣ አዘጋጆቹ ያስተካክሉላችኋል።

ስለ ሌላ ነገር በጥብቅ ልናገር። ያ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክማቸው ጀርባቸውን አጉብጦታል፤ ወደ ጎን ዞር የሚሉበት አቅምም ቦታም የላቸውም። መንገድ የምንለቀው እኛ ነን። ቆማችሁ፣ አሳልፋችሁ፣ «በርቱ እናቴ» ብላችሁ እለፉ። የጠፋውን ጥቂት ሰከንድ ማንም አይቆጥርባችሁም። እሁድ ስለሆነ ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ራጉኤል የሚሄዱ አስቀዳሾች፣ ጸበል የሚሄዱ ሕመምተኞችም ይኖራሉ። በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ስታልፉ ጩኸት፣ ፉጨት፣ ከስልክ የሚወጣ ሙዚቃ እንዳይኖር። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ይህችን ከተማ ከመቆርቆራቸው በፊት ቤተ መንግሥታቸው እዚያ ተራራ ላይ ነበር። የምንሮጠው በአሮጌው ግቢያቸው ደጃፍ ነውና እንደ እንግዳ እንሁን።

ለእህቶቼ የተለየ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችሁ ጫካ ውስጥ ብቻችሁን መለማመድ እንደማትችሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ጅብ ብቻ ሳይሆን ሰውም እንደሚያስፈራ ነግራችሁኛል። በዚህ ምክንያት ከወንዶቹ ያነሰ ዳገት ሠርታችሁ ነው የምትመጡት። ይህ የእናንተ ስንፍና አይደለም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ በቡድን የሚነሳ የሴቶች ልምምድ እንዲኖር ለአስተባባሪዎቹ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ጥያቄ አቀርባለሁ። እኔም አብሬ እወጣለሁ። እሁድ ግን መንገዱ በሙሉ በአስተናጋጆች የተጠበቀ ነው፤ ማንንም ሳትፈሩ፣ ያላችሁን ሁሉ አውጥታችሁ ሩጡ።

የደረት ቁጥራችሁን ስትወጡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ትወስዳላችሁ። ከቁጥሩ ጀርባ የቅርብ ዘመድ ስልክ ጻፉበት። መኪናዎቹ ከአራት ኪሎ የሚነሱት እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ውድድሩ የሚጀመረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ተራራው ላይ ይበርዳል፣ እስከ መነሻው የምትለብሱት ሹራብ ያዙ። መነሻው ላይ ቆማችሁ ግራና ቀኛችሁን እዩ፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ተፎካከሩት።

አመሰግናለሁ። እሁድ እንገናኝ።