የተማሪ ዴስክ ከምን ይሠራ?

ሐያት፦ ጋሽ ይመር፣ የብረት ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር በሚዋዥቅበት፣ ጥሩ እንጨትም እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ አካባቢን የማይጎዳ የተማሪ ዴስክ እንሥራ ቢባል፣ ምርጫው ከየት ይጀምር ይላሉ?

ይመር፦ ብዙ ሰው እንጨት ከተፈጥሮ ስለሚገኝ ጥሩ፣ ብረት ከፋብሪካ ስለሚወጣ መጥፎ ነው ብሎ ይነሣል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ዴስኩ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። የችፑድ ገበታ ሲገዙት ርካሽ ቢሆንም፣ በሙጫ ተጣብቆ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ክረምቱን ካሳለፈ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ደግሞ ብሎን አይዝም።

ሐያት፦ ታዲያ በየተራራው የምናየው ባሕር ዛፍ አይሻልም?

ይመር፦ በደንብ ከደረቀ ይሻላል። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት ጥላ ሥር ተደርድሮ ለወራት መቆየት አለበት። ለዚህ ብርድና ጉም ከሚበዛባት ደሴ ይልቅ ሞቅ ያለችው ኮምቦልቻ ትመቻለች። እንጨት ነጋዴዎች ለምን አያደርቁም ብለን እንወቅሳቸዋለን እንጂ፣ ለደረቅ እንጨት ጨምሮ የሚከፍል ገዢ እኮ የለም።

ሐያት፦ አልሙኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም ብለው የሚመርጡም አሉ።

ይመር፦ አልሙኒየም ባውክሳይት ከሚባለው ማዕድን ሲመረት ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ከውዳቂ ሲቀልጥ ግን የዚያ ኃይል 5 በመቶ ያህሉ ይበቃዋል። ለዴስክ ግን ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነው የብረት ቱቦ፣ ይበልጥብኛል፤ የሰፈር ብየዳ ቤት ሁሉ ይጠግነዋል፣ አልሙኒየም መበየድ ግን የተለየ መሣሪያና ሙያ ይጠይቃል።

ሐያት፦ እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበት መንገድስ ለውጥ ያመጣል?

ይመር፦ ዋናው ነገር እርሱ ነው፤ ከቁሱ ምርጫ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ ይመዝናል። በብሎን የታሰረ ገበታ ሲሰነጠቅ ተፈትቶ ይቀየራል፤ በመጨረሻም እንጨቱ ለብቻው፣ ብረቱ ለብቻው ይወጣና ቆራሌው ብረቱን ወደ ማቅለጫ ያደርሰዋል። በኮላ ከተጣበቀ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። ጥጥና ፖሊስተር አብረው ከተፈተሉ በኋላ መለየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ያውቁታል።

ሐያት፦ ይሁን እንጂ ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚለየው።

ይመር፦ ዋጋው ሲወዳደር መሥፈርቱ አስቀድሞ ይጻፋ። የጨረታ ሰነዱ የቱቦላሬውን ውፍረት ይወስን፣ ገበታው በብሎን እንዲታሰር ያስገድድ፣ የእንጨቱ እርጥበትም 12 በመቶ አካባቢ መሆኑ በርክክብ ጊዜ በመሣሪያ ይለካ፤ ያን ጊዜ ችፑድ በኮላ የሚለጥፈው ተጫራች ገና ከመጀመሪያው ይወድቃል።