መህሩ የማን ነው?

አሰላሙ ዐለይኩም። ከአዳማ ነኝ፣ የባጃጅ ጩኸት ከገባባችሁ አፉ በሉኝ።

መህር፣ ማለትም ባል በኒካህ (በጋብቻ ውሉ) ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ፣ የሙሽራዋ ነው። የአባቷም የወንድሟም አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ 4ኛው አንቀጽ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፣ ወዳ ካልሰጠች ማንም አይነካውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያገቧትን የኡሙ ሐቢባን መህር እንኳ እሳቸውን ወክሎ የከፈለው የኛው የሐበሻ ንጉሥ ነጃሺ ነው፣ 400 ዲናር ተብሎ ይዘገባል። እኛ ሰፈር ግን ወሊዩ (የሙሽራዋ ተጠሪ) እና ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቁጭ ብለው ይጨርሱታል፣ ሴቶቹ ጓዳ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ፣ ሙሽራዋ ልኩን የምትሰማው ከእልልታው በኋላ ነው። ወርቁ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ተሸጦ ባጃጅ ይገዛበታል። ፈቅዳ ከሆነ እሰየው። ተጠይቃለች ወይ?

ኒካህ ውል ነው፣ ሸርጥ (ቅድመ ሁኔታ) ይገባበታል። ከሸሪዓ ሕግ ትምህርት ቤቶች (መዝሀቦች) አንዱ በሆነው በሐንበሊ "በላዬ ላይ ሌላ እንዳታገባ" ብላ ብታስይዝ ሸርጡ ይጸናል፣ ባል ካፈረሰው ኒካሁን ማፍረስ ትችላለች። የሌላኛው መዝሀብ ተከታዮች፣ ሻፊዒዮች፣ በዚህ አይስማሙም። ቢሆንም ስንቷ ሙሽራ ነች መዝሀቦቹ እንደሚለያዩ የተነገራት?

"ሴት ፖለቲካ ምን አገባት" ለሚሉኝ የነቢዩን ባለቤት ኡሙ ሰለማን እጠራለሁ። እሷም ሐበሻ ተሰዳ የኖረች ናት። በ628 እ.ኤ.አ. መካ አጠገብ ሁደይቢያ ላይ ሶሓባዎቹ (የነቢዩ ባልደረቦች) ከመካ ሰዎች ጋር በተደረገው ስምምነት ከመከፋታቸው የተነሳ ነቢዩ እርዱ፣ ተላጩ ሲሏቸው አንድም የተነሳ ሰው አልነበረም። ድንኳን ገብተው ነገሯት። ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራስዎን ይረዱ፣ ጸጉርዎንም ይላጩ አለቻቸው። እንዳለችው አደረጉ፣ ሁሉም ተከተላቸው። ያን ቀን የፖለቲካውን ቋጠሮ የፈታችው ሴት ናት፣ በቃ።

ዳኝነት ላይ ግን አልዋሻችሁም፣ ብዙሃኑ ዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ሴት ቃዲ (ዳኛ) አትሆንም ይላሉ። ሊቁ አቡ ሐኒፋ ከሑዱድና ቂሷስ (ቅጣታቸው ከተወሰነ ወንጀሎችና ከደም ብድር ክሶች) ውጭ ባለው ፈቅደዋል፣ ሌላው ሊቅ ጠበሪ ደግሞ በሁሉም እንደፈቀዱ ይዘገባል። እኔ ወደነሱ አደላለሁ። በነገራችን ላይ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 መሠረት የቤተሰብ ክርክርሽ በሸሪዓ የሚታየው አንቺም ስትስማሚ ነው። ዝም ብለሽ አትፈርሚ።

የአጎቴ ልጅ ኒካህ ደርሷል። የነርሲንግ ትምህርቷን እንድትጨርስ ሸርጥ ይያዝላት ብዬ አጎቴን ጠየቅኳቸው።

"ይሄን ደሞ ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"ሸሁን ይጠይቋቸው" አልኳቸው።

ከጁምዓ በኋላ ሊጠይቋቸው ነው።