ቦኖው ይፈሳል፣ ከሰሉ ግን ጠግቧል

የተከበራችሁ የመንደራችን ተወላጆች ማኅበር አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ የሰጡንን እናመሰግናለን። ቡናው ከስብሰባው በኋላ ነው።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልናገር። የቦኖው አጥር ታጥሯል። የተሰበሩት ቧንቧዎች ተቀይረዋል። ቦኖ ጠባቂዋ ደመወዟ አልተቋረጠም። ዝርዝሩን ጸሐፊው ያነባል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የውሃ ማጣሪያው ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው በመቂና በባቱ መሃል ነው። የበለዘ ጥርሳችንን ያየ አገራችንን ያውቃል። እኔ እስከ ዛሬ ፎቶ ስነሳ አፌን እገጥማለሁ። ልጅ ሳለን "ስለማትፍቁ ነው" ይሉን ነበር። መፋቂያው ምን አጠፋ? የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ውሃው ውስጥ ይለቃል፤ ጥርሳችንን ያበለዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ የኛ ጉድጓድ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ነገሩ ጥርስ ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር። ብዙ ዓመት ሲጠጣ መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ ወገብ ያጎብጣል። ማፍላት አይፈይድም፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አይነካውም።

ለዚህ ነው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ፣ ማለትም በተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይዱን የሚይዝ ማጣሪያ ያስተከልነው። ያኔ የነበረውን ጭቅጭቅ ታስታውሳላችሁ። "አጥንቱ የማን እርድ ነው?" አሉ ሙስሊሞቹ። ክርስቲያኖቹም ያንኑ ጠየቁ። አንዲት እናት ደግሞ "ጾም ያስገድፋል ወይ?" አሉ። ሼኩና ቄሱ ተማክረው፣ የተቃጠለ ከሰል ሥጋ አይደለም ብለው ገላገሉን። እሱን ተወጣነው። ያቃተን የራሳችን ጉዳይ ነው።

ከሰል ይጠግባል። ፍሎራይዱን እየያዘ እየያዘ ሄዶ አንድ ቀን አልይዝም ይላል። ያኔ መቀየር አለበት። ፓምፕ ሲበላሽ መንደሩ በሰዓታት ውስጥ ይደውልልናል። ከሰል ሲጠግብ ግን የሚደውል የለም። ውሃው እንደ ወትሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል። ጣዕሙም ሽታውም ያው ነው። ናሙና ወስደን እስክናስመረምር ድረስ እናቶች በጀሪካን እየከፈሉ ቀዱ። ንጹሕ ነው ያልናቸው እኛ ነን። የልጅ ጥርስ ደግሞ የሚበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው፤ ካለፈ አይመለስም። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ከሰሉን ለመቀየር ገንዘብ ስንጠይቅ ምን ተባልን? "ለምን ሁለተኛ ጉድጓድ አናስቆፍርም?" እውነት ነው፣ ጉድጓድ ደስ ይላል። ሪባን አለው፣ ፎቶ አለው፣ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ አለው። ከሰል የቀየረ ሰው ምን ይነሳል? ነገር ግን በኛ አገር በጥልቀት መቆፈር ፍሎራይዱን አይቀንሰውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይብሳል። ሁለተኛ ጉድጓድ ማለት ሁለተኛ ማጣሪያ ማለት ነው። አንዱን መቼ ያዝነው?

የወር መዋጮው 100 ብር ነው። ስንት ማኪያቶ እንደሚሆን እናንተው አስሉት። በምርቃቱ ቀን የፊት ወንበር አጥተን ተጋፍተናል። ዛሬ የፊቱ ረድፍ ባዶ ነው። አንድ ወንድም በስልኩ ሲቀዳኝ አያለሁ። ጥሩ፣ ላክላቸው። ሪባኑን አብረን የቆረጥን ወንድሜ፣ ስደውል የማታነሳው መዋጮ የምጠይቅህ መስሎህ ነው። ልክ ነህ።

የከፈላችሁትን አልወቅስም። ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አንድ ወር አላጎደለችም። ስሟ እብነ በረዱ ላይ የለም።

ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ይህ ነው። ከጀሪካኑ ሒሳብ ለከሰል የሚሆነው ተለይቶ በራሱ ደብተር ይቀመጥ። ናሙናም በየሦስት ወሩ ይመርመር። ይህ ሳይያዝ ስለ አዲስ ጉድጓድ አልወያይም፤ ሌላ ሊቀመንበር ከመረጣችሁ ይወያያችሁ።

ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ወደ ቡናው የሚያስወጣ ሌላ በር የለም። ጉባኤው ተከፍቷል።